ሐይቁ ወይስ ተራራው?

ሐይቅና ተራራ አንድ ላይ ያሉበት ቦታ የሄደ ሰው ስልኩን ሳያወጣ አይመለስም። የሚገርመው የፎቶዎቹ መመሳሰል ነው። ከላይ ሰማይ፣ መሃል ላይ ቀጭን ተራራ፣ ከታች ውሃ። ሦስት አግድም ቀለም፣ ልክ እንደ ባንዲራ። እኔም "የባንዲራ ፎቶ" ነው የምላቸው። ቦታው ያምራል፣ ብርሃኑም አይከፋም፣ ካሜራው ምናልባት ውድ ነው፤ ፎቶውን ግን አየት አድርጋችሁ ታልፉታላችሁ።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ዕቃውን ነው። ሌንሱን ያማርራል፣ ኤዲት ሲያደርግ ቀለሙን እስኪጮህ ያደምቀዋል፣ ሰማዩን ያጠቁረዋል። እኔ በዚህ ጉዳይ ትንሽ ግትር ነኝ። ፎቶው አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ገና ሳይነሳ ነው፤ አንሺው ስለ ማን እያነሳ እንደሆነ አልወሰነም። ሐይቁ ትልቅ ነው፣ ተራራውም ትልቅ ነው፣ ሁለቱም ያምራሉ፣ ስለዚህ ሁለቱንም እኩል አድርገን ጠቅልለን ልንወስድ እንሞክራለን። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። አንዱ ይግዛ፣ ሌላው ያጅብ። ይሄ ከተወሰነ የት እንደምትቆሙ፣ ምን ያህል እንደምታጎነብሱ፣ የትኛውን ሌንስ እንደምትሰኩ ግማሹ መልስ አብሮ ይመጣል።

በቅድሚያ የሁሉንም ሰው ቅሬታ እናንሳ። "በዓይኔ ሳየው ሰማይ የሚነካ ተራራ ነበር፣ ፎቶው ላይ ጉብታ ሆነብኝ።" ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው። ከውሃው ወለል በላይ 1,000 ሜትር ከፍ ያለ ተራራ ከእናንተ በ5 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አለ እንበል። ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ ላይ ሰፊ እይታ ያለውን 24 ሚሊሜትር ሌንስ አድርጋችሁ (የብዙ ስልኮች ዋና ካሜራም ከዚህ ብዙም አይርቅም) አግድም ይዛችሁ ብታነሱ፣ ተራራው ከፍሬሙ ቁመት አንድ አምስተኛውን ብቻ ነው የሚይዘው። ነጸብራቁ ሌላ አንድ አምስተኛ ይወስዳል። የቀረው ሦስት አምስተኛ ሰማይና ውሃ ነው፤ ደመናም ሆነ ሞገድ ከሌለበት ባዶ ነው። እዚያው ቆማችሁ ሩቁን ወደሚያቀርበው 70 ሚሊሜትር ብትቀይሩት ያው ተራራ ከፍሬሙ ግማሽ ያልፋል። ዓይናችን ተራራው ላይ ሲተከል ዙሪያውን ይረሳዋል። ካሜራ የሚረሳው ነገር የለውም፣ ሁሉንም በልኩ ይመዘግባል።

ስለዚህ ገዢው ተራራው ነው ካላችሁ ሰፊውን ሌንስ አስቀምጡት። የመሬት አቀማመጥ ፎቶ ሁሉ በዋይድ ሌንስ ነው የሚነሳው የሚል እምነት ከየት እንደተስፋፋ እንጃ፣ ግን ብዙ ጥሩ ተራራ አበላሽቷል። በ70፣ በ100፣ አንዳንዴም በ200 ሚሊሜትር ስታነሱ ሐይቁ ከታች ጠበብ ያለች የውሃ መስመር ሆኖ ይቀራል። ችግር የለውም፣ ተራራው ከየት እንደተነሳ ለማሳየት ያችው ትበቃለች። የዚህ ሌንስ ሌላው ጥቅም ከኋላ ያሉትን ሸንተረሮች መደራረቡ ነው። ርቀት ሲጨምር በመካከል ያለው አየር ብርሃኑን ስለሚበትነው የሩቁ ሸንተረር ከቅርቡ ይልቅ ፈዘዝና ሰማያዊ እያለ ይሄዳል። በጠዋት ጉም ደግሞ ልዩነቱ ይጎላል። አራት አምስት ድርብርብ ሸንተረር፣ እያንዳንዱ ከፊቱ ካለው ትንሽ የነጣ፣ ከታች አንዲት ጠባብ ውሃ። ይሄ ቅንብር ከባንዲራው በምንም አይገናኝም፤ ቦታው ግን ያው ነው።

ገዢው ሐይቁ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ሐይቅ ቅርጽ አለው፤ ዳርቻው ይጠማዘዛል፣ ወደ መሬት ይገባል፣ ይወጣል። ዳርቻው ላይ ቆማችሁ ግን ያ ቅርጽ አይታይም። ጠፍጣፋ ነገር ከጎኑ ሲታይ መስመር ብቻ ነው። ለማየት መውጣት ያስፈልጋል። ካናዳ ውስጥ ባንፍ ብሔራዊ ፓርክ ያለውን ሞሬይን ሐይቅ አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1969 ዕትም የካናዳ የ20 ዶላር ኖት ጀርባ ላይ ያለው እሱ ነው። ብዙ ሺህ ሰው ደጋግሞ የሚያነሳው ታዋቂው እይታ የሚገኘው ከውሃው ዳር አይደለም፣ ከሐይቁ ጫፍ ያለ የድንጋይ ክምር ላይ ወጥቶ ነው። ከዚያ ላይ ሐይቁ በተራሮቹ መካከል እየጠበበ ሲሄድ ይታያል፣ ዓይንም አብሮት ይሄዳል።

ከፍታው ለቀለሙም ይጠቅማል። ውሃን ቀጥ ብላችሁ ከላይ ወደ ታች ስታዩት ከሚያርፍበት ብርሃን 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው የሚያንጸባርቀው፤ የቀረው ወደ ውስጥ ይገባል። ዝቅ ብላችሁ በአግድም ስታዩት ግን የሚያንጸባርቀው እየጨመረ ይሄድና መስታወት ሊሆን ምንም አይቀረው። ሞሬይንን የመሰሉ ሐይቆች ያንን ደማቅ ሰማያዊ የሚያገኙት የበረዶ ግግር ድንጋይ ሲፈጭ ከሚወጣው ደቃቅ ዱቄት ነው፤ ዱቄቱ ውሃው ውስጥ ተንሳፎ ይቆይና ሰማያዊና አረንጓዴውን ብርሃን መልሶ ይበትነዋል። ይህን ለማየት ዓይናችሁ ውሃው ውስጥ መግባት አለበት፣ ስለዚህ ከፍ በሉ። ዳርቻው ላይ ተንበርክካችሁ የምታነሱት የሰማዩን ቀለም ነው፤ ሰማዩ ግራጫ ከሆነ ያ የተወራለት ሐይቅም ግራጫ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ፤ የካሜራ ቁመት። ከሌንስም፣ ከፊልተርም፣ ከሰዓትም በፊት የማስበው እሱን ነው። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) የያዘ ሰው ሲመጣ ልብ ብላችሁ እዩት። የማቆሚያውን እግሮች ይዘረጋል፣ ደረቱ ድረስ ያደርሳቸዋል፣ ካሜራውን ይሰካል፣ ከዚያ ነው ማየት የሚጀምረው። ከዚህ በኋላ ሰውዬው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሊዞር ይችላል፣ ሌንስም ሊቀይር ይችላል፣ ቁመቱ ግን ያው ነው፤ የሁሉም ሰው ፎቶ ከአንድ ሰው ደረት ላይ የተነሳ ይመስላል። እኔ ትራይፖድ የምዘረጋው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ካሜራውን፣ ወይም ስልኬን፣ በእጄ ይዤ እዞራለሁ። እቆማለሁ፣ እንበረከካለሁ፣ ካሜራውን ውሃው ሊነካ እስኪል አወርደዋለሁ፣ ድንጋይ ካለ ላዩ ላይ እወጣለሁ። ያየኝ ሰው የወደቀ ዕቃ የምፈልግ ይመስለዋል፣ ይሁን።

ቁመት ምን እንደሚያደርግ በቅርበት እንየው። ከእግራችሁ ሥር፣ አንድ ሜትር ገባ ብሎ፣ ከውሃው ብቅ ያለ ድንጋይ አለ። ከኋላው ጸጥ ያለ ውሃ፣ ውሃው ላይ የተገለበጠው የተራራ ጫፍ፣ ከዚያ የማዶው ዳርቻ፣ ከዚያ ተራራው። ቆማችሁ ስታዩት ድንጋዩ ከፍሬሙ ታች ብቻውን ተጥሏል፣ በእሱና በነጸብራቁ ጫፍ መካከልም ምንም የሌለበት ሰፊ ውሃ አለ። አሁን ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ። ካሜራው ሲወርድ ድንጋዩ ፍሬሙ ውስጥ ሽቅብ ይወጣል፣ ባዶው ውሃም ይጠባል። ወገብ ላይ ስትደርሱ ድንጋዩና የተገለበጠው ጫፍ ይቀራረባሉ። ጉልበት ላይ ሊነካኩ ይደርሳሉ። ከዚያ ትንሽ ብቻ ብትወርዱ ድንጋዩ ነጸብራቁን ይወጋዋል፣ የተራራው ጫፍም ድንጋዩ ውስጥ ይጠፋል። ትክክለኛው ቦታ ከዚያ በፊት ያለች ጠባብ ክልል ናት፤ በሁለቱ መካከል ቀጭን የውሃ ክፍተት የምትቀርበት። የእጅ መዳፍ ያህል ከፍና ዝቅ ማለት ፎቶውን ያድነዋል ወይም ይገድለዋል። ይህን ውጤት ዙም በማድረግም ሆነ ቤት ገብቶ ጠርዙን በመቁረጥ (ክሮፕ በማድረግ) አታገኙትም፣ ምክንያቱም የነገሮቹ አቀማመጥ እርስ በርስ የሚለወጠው ካሜራው ራሱ ከቦታው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው።

ነጸብራቅ ሌላም ጠባይ አለው። ውሃው ላይ የምታዩት ምስል የተራራው ግልባጭ ቅጂ ይመስላል እንጂ አይደለም። ካሜራችሁ ከውሃው በላይ ባለበት ቁመት ልክ ከውሃው በታች ሌላ ካሜራ ቢቀመጥ የሚያየው እይታ ነው። ማለትም ነጸብራቁ ተራራውን የሚያየው ከእናንተ ዝቅ ብሎ ነው። ተራራው ሩቅና ብቻውን ከሆነ ልዩነቱ አይታወቅም። ግን ማዶ ዳርቻው ላይ ዛፍ ወይም ኮረብታ ካለ፣ ውሃው ውስጥ ያ ኮረብታ ከኋላው ያለውን ጫፍ ከላይ ከሚታየው የበለጠ ይሸፍነዋል። ከፍ ካለ ቦታ ስታነሱ አንዳንዴ "ላይ ያለው የበረዶ ጫፍ ውሃው ውስጥ የት ሄደ?" የምትሉት ለዚህ ነው። ዝቅ ስትሉ ሁለቱ ካሜራዎች ይቀራረባሉ፣ ላይኛውና ታችኛው ምስልም ይመሳሰላሉ።

ሠዓሊ ደግሞ ከዚህ ሕግ ነጻ ነው። ጃፓናዊው ሆኩሳይ እ.ኤ.አ. በ1830 አካባቢ የፉጂ ተራራን ከሐይቅ ጋር በእንጨት ሕትመት ሠርቷል። ላይ ያለው ፉጂ የበጋ ነው፣ በረዶ የለበትም። ውሃው ውስጥ ያለው ፉጂ ግን በረዶ ለብሷል፣ ያውም ከላይኛው ትይዩ ሳይሆን ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። ሆን ብሎ ነው መቼም። እኔን የሚገርመኝ ፈቀቅ ማለቱ ነው። ታችኛው ተራራ የላይኛው ጥላ መሆኑ ቀርቶ ራሱን የቻለ ክብደት አግኝቷል፣ በሁለቱ መካከልም ዓይን በሰያፍ ይመላለሳል። ፎቶ አንሺ ነጸብራቁን ማንቀሳቀስ አይችልም። ያንን ሰያፍ ግን ጀልባ፣ ድንጋይ ወይም የደመና ጅራት ባለበት ቦታ በመቆም ማግኘት ይችላል።

ነጸብራቁ አንድ ተጨማሪ ውለታ ይውልላችኋል፤ ፎቶው መዝመም አለመዝመሙን ይነግራችኋል። ብዙ ሰው የማዶውን ዳርቻ አድማስ አድርጎ በእሱ ያስተካክላል። ዳርቻው ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ጎን ወደ እናንተ ይቀርባል፣ በሌላው ይርቃል፤ ስለዚህ ካሜራው ቀጥ ብሎም ዳርቻው ፎቶው ላይ ጋደል ብሎ ይታያል። በእሱ ስታስተካክሉት ተራራው ይዘማል፣ የሆነ ነገር ይከነክናችኋል፣ ምን እንደሆነ ግን አይገባችሁም። ከፍሬሙ መሃል አካባቢ ያለ አንድ ጫፍና የራሱን ነጸብራቅ ጫፍ ምረጡ። አንዱ ከሌላው በላይ በቀጥታ መስመር መቆም አለበት። ካልቆመ ካሜራው ዘሟል ማለት ነው፣ ዳርቻው ምንም ይምሰል።

አድማሱ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ከሚገባው በላይ ተወርቶለታል። የሦስትዮሽ ደንቡን (ፍሬሙን ሦስት እኩል ቦታ ከፍሎ አድማሱን ከመክፈያ መስመሮቹ አንዱ ላይ ማድረግን) ሁሉም ያውቃል፤ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ቶማስ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1797 ስለ ገጠር ሥዕል ሲጽፍ ነው ስም የሰጠው፣ ይህም ካሜራ ከመፈጠሩ በፊት ነው። ደንቡ ክፉ አይደለም። ግን ውሃው ፍጹም ጸጥ ብሎ ተራራው ሙሉ ለሙሉ ሲገለበጥ፣ ሐይቁና ተራራው ተዋህደው አንድ ቅርጽ ሆነዋል፤ ከሁለቱ አንዱን የመምረጥ ጥያቄም ለጊዜው ቀርቷል። ያኔ መስመሩን ያለ ምንም ይሉኝታ ልክ መሃል ላይ አድርጉት። ፍሬሙንም አራት ማዕዘን እኩል ማድረግ ያምርበታል። የማልወደው መሃል ሰፋሪውን ነው፤ ከመሃል ትንሽ ብቻ ከፍ ያለ መስመር። ደፍሮ መሃል አልሆነ፣ ደፍሮ አልሸሸ። ነፋስ መጥቶ ነጸብራቁ ከተሰባበረ ደግሞ ግማሹን ፍሬም ለእሱ የምትሰጡበት ምክንያት የለም፤ መስመሩን አውርዱት፣ ተራራው ይግባ።

የነጸብራቅን ጫፍ ስለመቁረጥም ልናገር፣ በጣም የሚያበሳጨኝ እሱ ነው። ተራራው ላይ ሙሉ ነው፣ ሰማዩ ሰፊ ነው፣ ከታች ግን የተገለበጠው ጫፍ በፍሬሙ ጠርዝ ጫፉ ብቻ ተቆርጧል። ካስገባችሁት ሙሉውን አስገቡ፣ ከሥሩም መተንፈሻ ተዉለት። ካልገባ ከግማሽ በላይ በድፍረት ቁረጡት፣ ሆን ተብሎ መደረጉ ይታወቅ። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ካሜራውን በቁመት መያዝ ነው። ሐይቅ ስፋት ስላለው እጃችን ወዲያው አግድም ይይዛል፤ ተራራና ነጸብራቁ ሲደመሩ ግን ቁመታቸው ከስፋታቸው የሚበልጥበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ፊት ለፊት ስለሚቀመጥ ነገር ሁሉም ይመክራል፤ "ፎርግራውንድ ፈልግ" ይላሉ። እውነት ነው፣ ግን ያገኙትን ድንጋይ ሁሉ መክተት ፋሽን ሆኗል። ሰፊ ሌንስ ተሰክቶ፣ ድንጋዩ ሥር ተገብቶ፣ ድንጋዩ ግዙፍ ተራራው ኢምንት ሆኖ ይወጣል። እሺ፣ ስለ ድንጋዩ ከሆነ ያነሳችሁት ይሁን። ካልሆነ ግን ድንጋዩ ከተራራው ጋር የሚያገናኘው ነገር ያስፈልገዋል። ጫፉ እንደ ተራራው ሾጣጣ ሊሆን ይችላል። ወደ ተራራው የሚያመለክት የወደቀ ግንድ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሦስት ድንጋዮች እየራቁ፣ እያነሱ፣ ዓይንን ውሃውን የሚያሻግሩት ሊሆኑ ይችላሉ። ሙልጭ ያለ ውሃን ለዓይን መሻገር ከባድ ነው፣ መረማመጃ ይፈልጋል።

ለዚህ በደንብ የሚታወቀው ምሳሌ የአሜሪካዊው ፎቶ አንሺ የአንሰል አዳምስ ፎቶ ይመስለኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1942 አሜሪካ ውስጥ የቲተን ተራሮችን ከስኔክ ወንዝ ጋር ያነሳው። ውሃው ወንዝ ነው እንጂ ሐይቅ አይደለም፣ ችግሩ ግን ያው ነው፤ ከታች ጠፍጣፋ ውሃ፣ ከላይ ተራራ፣ በመካከል ጨለማ ደን። ከፍ ካለ ቦታ ስላነሳው የወንዙ ጥምዝ ሙሉ ለሙሉ ይታያል። የሚያበራው ውሃ ዓይንን ተቀብሎ በጨለማው ደን መካከል እያዞረ ወደ ተራሮቹ ያደርሰዋል። ከወንዙ ዳር ቢያነሳው ኖሮ ያ ጥምዝ አንዲት ነጭ መስመር ሆኖ ይቀር ነበር። ይህ ፎቶ እ.ኤ.አ. በ1977 በቮዬጀር መንኮራኩሮች ወደ ጠፈር ከተላኩት ምስሎች አንዱ ነው።

ቅርብና ሩቅን አብሮ ጥርት ለማድረግ ብዙ ሰው አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) በጣም እስከሚጠብበት እስከ ኤፍ 22 ይዘጋዋል። አያስፈልግም፣ እንዲያውም በጣም ሲጠብ ብርሃኑ ጠርዙ ላይ እየተበተነ ፎቶውን ሁሉ ያለሰልሰዋል። ፉል ፍሬም ላይ 20 ሚሊሜትር ሌንስ ኤፍ 11 አድርጋችሁ 1.2 ሜትር አካባቢ ፎከስ ብታደርጉ፣ ከ60 ሳንቲሜትር ጀምሮ እስከ ተራራው ድረስ ተቀባይነት ባለው ጥራት ይይዛል። ከዚያ የቀረበ ነገር ካለ ሁለት ሦስት ጊዜ ፎከሱን እየቀየሩ አንስቶ ማዋሃድ ነው።

ነፋስን ማዘዝ አይቻልም፣ ጠባዩን ማወቅ ግን ይቻላል። ቀን ላይ ፀሐይ የተራራውን ጎን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይነፍሳል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ቁልቁል ይወርዳል። ፈረቃው በሚለዋወጥበት ሰዓት፣ በተለይ ፀሐይ ስትወጣ አካባቢ፣ ብዙ ጊዜ ጋብ ይላል። የመሬት አቀማመጥ ፎቶ አንሺዎች እንቅልፍ የሚያጡት ለቀለሙ ብቻ አይደለም። ነፋሱ እምቢ ካለ ደግሞ ትልቁን ሐይቅ ተዉትና ትንሽ ውሃ ፈልጉ። ቄጠማ የከለለው ጥግ፣ ድንጋይ የዘጋው ኩሬ፣ ዝናብ ዳርቻው ላይ የተወው ጥልቅ ያልሆነ ውሃ። ሐይቁ እየተናወጠ እሱ ጸጥ ብሎ ታገኙታላችሁ። ካሜራውን መሬት ሊነካ እስኪል ካወረዳችሁት፣ በአንድ እርምጃ የምትሻገሩት ውሃ አንድ ሙሉ ተራራ ይይዛል። ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር ፊልተር ሌንሱ ላይ አድርጎ ለ30 ሰከንድ ማንሳት ግን መስታወት አያመጣም። ሞገዱን ያለሰልሰዋል፣ ነጸብራቁም የተለቀለቀ የቀለም ጥላ ይሆናል። ያምራል አንዳንዴ፣ ግን ሌላ ፎቶ ነው።

ፖላራይዘር የሚባለው ፊልተር እዚህ ላይ ጉድ ይሠራል፣ በበጎም በክፉም። ዓይናችሁ ከውሃው ወለል ጋር 37 ዲግሪ አካባቢ በሚሠራበት ቦታ ነጸብራቁን ሙሉ በሙሉ ሊያጠፋው ይችላል። በጣም ዝቅ ባለ ማዕዘን፣ ማለትም ከሩቁ ውሃ ላይ፣ አቅሙ ይደክማል። ስለዚህ በአንድ ፍሬም ውስጥ ከእግራችሁ ሥር ያሉት ጠጠሮች ውሃው ሥር ጥርት ብለው ወጥተው፣ ራቅ ብሎ ያለው የተራራ ነጸብራቅ ሳይነካ ሊቀር ይችላል። ቀለበቱን ዝም ብላችሁ እስከ መጨረሻው አታዙሩት፤ እያያችሁ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ፣ ጠጠሩ ሲወጣና ጫፉ መፍዘዝ ሳይጀምር አቁሙ። ሰማዩንም ተመልከቱ። ከፀሐይዋ በ90 ዲግሪ አቅጣጫ ያለውን ሰማይ በጣም ስለሚያጨልመው በሰፊ ሌንስ መሃል ላይ ጥቁር ሰማያዊ እድፍ ይጥላል፣ እሱን ኤዲት አድርጎ ማስተካከል ራስ ምታት ነው።

ብርሃኑ ከጀርባችሁ ሲሆን ተራራው ጠፍጣፋ ወረቀት ይሆናል፤ ከጎን ሲመጣ ሸለቆው፣ ጉብታው፣ ስንጥቁ ሁሉ ጥላ ያወጣል። ይህን ብዙ አላስረዝመውም፣ የታወቀ ነው። ኤዲት ላይ ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። ነጸብራቅ ከሚያንጸባርቀው ነገር በላይ ብሩህ አይሆንም፤ ከሚያርፍበት ብርሃን የተወሰነው ወደ ውሃው ይገባልና ሁልጊዜ ትንሽ ይጨልማል። ሰማዩን አጨልመው ውሃውን ረስተውት ውሃው ከሰማዩ የበለጠ የሚያበራባቸው ፎቶዎች ሞልተዋል። ተመልካቹ ፊዚክሱን ባያውቅም ዓይኑ "ይሄ ነገር ውሸት አለበት" ይለዋል።

ቤት ከገባችሁ በኋላ እኔ የምወደው አንድ መፈተኛ አለ። ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ወደ ታች ገልብጡት። ተራራ መሆኑ፣ ሐይቅ መሆኑ፣ እዚያ ለመድረስ የተጓዛችሁት መንገድ ሁሉ ለጊዜው ይረሳና ቅርጽና ክብደት ብቻ ይቀራል። የቱ ጋ ነው ዓይናችሁ መጀመሪያ ያረፈው? የቱ ጋ ነው ጨርሶ የማትሄዱት? የማትሄዱበት ሰፊ ቦታ ካለ ለምን ፍሬሙ ውስጥ እንዳለ ጠይቁ። አንዳንዴ የተገለበጠው ከቀናው ይበልጥ ያምራል፣ ይሄ ደግሞ ውሃው ከተራራው ይልቅ ጠንካራ ነበር ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ አቅኑትና ክሮፕ ማድረጊያውን ክፈቱ። ሰማዩን ቁረጡ፣ ካስፈለገም ላይ ያለውን ተራራ ራሱን እስከ ወገቡ ቁረጡት። ሙሉው ተራራ ውሃው ውስጥ አለላችሁ።